የኤሲ የውጪ ማሽን አተካከል፦ ስላቀዘቀዘ ብቻ አትመኑት

ኤሲ ተተክሎ ሲያበቃ ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ሪሞቱን ይጫናል፤ እጁን ወደ ንፋሱ ይዘረጋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከመጣ "በቃ፣ አለቀ" ይላል። ይህ ፈተና ግን ስለ አደጋ ምንም አይነግረንም። የመሬት ሽቦ ያልታሰረለት ማሽን ያቀዘቅዛል። በደካማ ብሎን ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውም ያቀዘቅዛል። ቱቦው ውስጥ አየርና እርጥበት የቀረበትም ለጊዜው ያቀዘቅዛል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም በሰው ላይ ነው።

ሥራዬ ኤሲ መትከልና መጠገን ነው። ለጥገና ተጠርቼ የማገኘው ብልሽት ብዙውን ጊዜ ማሽኑ በተተከለበት ቀን የተዘለለ ነገር ውጤት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ሥራውን ገና የጀመረ ቴክኒሻን ነው። ሌላው ቤቱ ኤሲ እያስገባ ያለ፣ አጠገብ ቆሞ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት ቦታ መምረጥ፣ መሠረት ማዘጋጀት፣ ሥራውን መከታተል ይችላል። ኤሌክትሪኩንና ጋዙን (በቱቦው ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዘውን) ግን ሙያው ላለው ሰው ይተው። ያለ ፈቃድ ጋዝ መንካት በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ታች ስትወርዱ ግልጽ ይሆንላችኋል።

ቦታው

የውጪው ማሽን ሥራ ከቤት ውስጥ የወሰደውን ሙቀት ወደ ውጪ መጣል ነው። የጣለውን ሙቅ አየር መልሶ ከሳበው ግፊቱ ይጨምራል፣ የሚበላው መብራት ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚያምቀው ሞተር) ያለ ዕድሜው ያረጃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታሰበው ነፃ ቦታ ነው። በብዙ የቤት ማሽኖች ማኑዋል ላይ የምታገኙት ልክ ከኋላ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይ 60፣ ቫልቮቹ ባሉበት ጎን 60፣ ከፊት ለፊት ደግሞ 2 ሜትር አካባቢ ነው። የእናንተ ማሽን ማኑዋል ሌላ ካለ የማኑዋሉን ያዙ። ዙሪያውን በተዘጋ በረንዳ ውስጥ አታስገቡት። ሌባ እንዳይወስደው በብረት ሳጥን የሚያጥሩትም አሉ። ማጠሩ ባልከፋ፣ ግን በላሜራ ሳይሆን አየር በደንብ በሚያሳልፍ ፍርግርግ ይሁን፤ ፊቱም ይከፈት።

ጀነሬተር ጭስ የሚለቅበት፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት፣ የኩሽና ቅባታም አየር የሚወጣበት፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም። የጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ሥርም አይሆንም። ማሽኑ ሌሊት ይሠራል፤ ሰውም ሌሊት ይተኛል።

እኔ ቦታ ሳይ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ወደፊት ይህን ማሽን የሚጠግነው ሰው የት ላይ ቆሞ ነው የሚፈታው? መልሱ "መስኮት ላይ ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ይዞ" ከሆነ ያ ቦታ መጥፎ ቦታ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መቆሚያ በሌለበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማሽን የሚተክለውን ሰው አንዴ ነው ለአደጋ የሚያጋልጠው። የሚያጥበውንና የሚጠግነውን ግን በተጠራ ቁጥር ያጋልጠዋል። ጣሪያ ላይ ወይም መሬት ላይ ማስቀመጥ ከተቻለ፣ ቱቦው ትንሽ ቢረዝምም ያንን እመርጣለሁ።

መሠረቱና ግድግዳው

መሬት ላይ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የኮንክሪት መቀመጫ ይሠራ፤ በውሃ ልክ ይለካ፤ ከአራቱም እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ ይግባ፤ ከዚያ አራቱም በብሎን ይታሰሩ። "ከባድ ስለሆነ የትም አይሄድም" ተብሎ ሳይታሰር የሚተው ማሽን ብዙ ነው። ንዝረት ግን ቀስ እያለ ያንቀሳቅሰዋል፣ ማሽኑ ሲንቀሳቀስም የመዳብ ቱቦው ይጎተታል።

ግድግዳ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ግድግዳው ምን እንደሆነ ይታወቅ። ሙሉ ኮንክሪት ወይም ውስጡ ድፍን የሆነ ጡብ ከሆነ፣ ሲጠብቅ የሚሰፋው የብረት ብሎን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ ግን ያው ብሎን ስሱን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል። ላዩ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ስንጥቁ አይታይም። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ግድግዳውን ዘልቆ የሚያልፍ ረጅም ብሎን እናስገባለን፤ በውስጥ በኩል ሰፊ የብረት ሳህን አድርገን በዳዶ እናስረዋለን። ካልተቻለ ማሽኑ ወደ መሬት ይውረድ።

ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) የውጪ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ብራኬቱ የሚሸከመው ግን ይህን ብቻ አይደለም። ንፋስ አለ፣ ንዝረት አለ፣ ጥገና ላይ ተደግፎበት የሚሠራ ሰው አለ። ስለዚህ ከማሽኑ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሸከም፣ ዝገት የማይበላው ብራኬት ይገዛ። ብሎኖቹም ዚንክ የተቀቡ ወይም የማይዝጉ ይሁኑ። ብራኬቱ ከታሰረ በኋላ ማሽኑን ከመስቀላችሁ በፊት በሁለት እጅ ወደ ታችም ወደ ጎንም በኃይል ሳቡት። ትንሽ እንኳ ፍንክች ካለ ያ ቀዳዳ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ይበሳ። አንዴ የላላ ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም ብሎን አስገብቶ ማለፍ መፍትሔ አይደለም።

ወደ ላይ ማውጣት

በዚህ ሙያ ሰው ከሚጎዳባቸው ነገሮች ቀዳሚው መውደቅ ነው። ማሽኑን ለብቻችሁ አታንሱ። በመሰላል ላይ ተሸክማችሁም አትውጡ፤ መሰላል ላይ ሁልጊዜ ሦስት ነጥብ (ለምሳሌ ሁለት እግርና አንድ እጅ) ይያዛል ይባላል፣ ማሽን የታቀፈ ሰው ግን በምኑ ይያዝ? ማሽኑ በገመድ ከላይ ይሳብ፣ ወይም ስካፎልዲንግ ይቆም። መሰላል ለሌላው ሥራ ሲቆም 4 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከፍታ ላይ የሚሠራው ሰው የደህንነት ቀበቶ ይልበስ፤ የቀበቶው ገመድ የሚታሰረው በሕንፃው ጠንካራ አካል ላይ እንጂ በብራኬቱ ላይ አይደለም። ከሥር ሰው እንዳያልፍ ይከለል። ብሎን እንኳ ከፎቅ ላይ ከወደቀ ጭንቅላት ይፈነክታል።

ማሽኑን ሁልጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ዘይት አለ። በመኪና ላይ ተጋድሞ ከመጣ አቁማችሁት ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ሰዓታት ጠብቁ።

ግድግዳ ስትበሱ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ እንደሌለ አረጋግጡ። ቀዳዳው ወደ ውጪ ትንሽ ያዘቅዝቅ፤ አለዚያ የዝናብ ውሃና የኤሲው ጠብታ ወደ ቤት ይገባል።

ኤሌክትሪክ

ኤሲ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ከዋናው ቆጣሪ ሰሌዳ ተነስቶ በራሱ ብሬከር በኩል፣ ሌላ ምንም ሳይቀጠልበት ማሽኑ ጋ የሚደርስ መስመር። ማከፋፈያ ገመድ አይቻልም። ባለ 12,000 ቢቲዩ በ220 ቮልት 5 ወይም 6 አምፒር አካባቢ ይወስዳል፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ባለ 24,000 ደግሞ 10 አምፒር እና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ወደ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር እንሄዳለን። መስመሩ ረጅም ከሆነ ሽቦው ይወፍራል። የመጨረሻው ቃል ግን ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳና ማኑዋሉ ነው። ብሬከር የሚመረጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ስለሆነ እየወረደ ሲያስቸግር ትልቅ ብሬከር መቀየር ሽቦውን ለቃጠሎ መስጠት ነው። ከማሽኑ አጠገብ፣ ሲጠግኑ በዓይን የሚታይ ማጥፊያ ይኑር። መስመሩ ላይ 30 ሚሊ አምፒር ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከርም ይግባ። ሰው የሚያድነው እሱ ነው።

አሁን ወደ መሬት ሽቦው፣ ኧርዝ ወደምንለው። አንድ ቤት "ማሽኑን ስንነካው ይነዝረናል" ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ማሽኑ እጅግ በጣም ጥሩ ያቀዘቅዛል። ሽፋኑን ስከፍተው ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተወሽቋል። የተከለው ሰው ቤቱ ውስጥ ኧርዝ ስላላገኘ ትቶት ሄዷል። ኢንቨርተር ማሽን (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚቆጣጠር) ምንም ብልሽት ሳይኖርበት እንኳ ኧርዝ ከሌለው አካሉ ላይ የሚነዝር ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ የቦርዱ ማጣሪያ ወደ ኧርዝ የሚልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ መውጫ ስለሚያጣ ነው። ያ ንዝረት ማስጠንቀቂያ ነው። ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ ኖሮ ንዝረት ሳይሆን ሞት ይሆን ነበር። ከቤት ውጪ፣ እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ነው የሚነካው። ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ መጀመሪያ ኧርዝ ይሠራ፣ ከዚያ ኤሲ ይተከል። ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከማሽኑ አካል ጋር አገናኝቶ "ኧርዝ ሠራሁ" ማለት ደግሞ ከምንም የከፋ ነው። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ ማሽኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉና ማንም እንዳያበራው ቆልፉት። ቀጥሎ ቴስተራችሁን ኤሌክትሪክ እንዳለበት የምታውቁት ቦታ ላይ ሞክሩት። ከዚያ የምትሠሩበትን ለኩ። ከዚያ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ቦታ እንደገና ለኩ። ይህ የሚደረገው መሐል ላይ ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ "ኤሌክትሪክ የለም" ብሎ እንዳያታልላችሁ ነው። መብራቱ ጠፍቶም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ ኃይል ይቀራል። ኢንቨርተር ቦርድ ላይ ያለው ከ300 ቮልት ሊበልጥ ይችላል። ማኑዋሉ የሚለውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያም ለክታችሁ እንጂ ገምታችሁ አትንኩ።

በውስጡና በውጪው ማሽን መካከል የሚሄደው ገመድ ቁጥር በቁጥር ይታሰር። ከተቀያየረ ቦርዱ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። እያንዳንዱን ሽቦ ካጠበቃችሁ በኋላ በጣታችሁ ሳብ አድርጉት። የላላ ሽቦ ይሞቃል፣ የሞቀ ሽቦ ያቃጥላል።

ቱቦውና ግፊቱ

ሰው የሚንቀው አደጋ ይህ ነው፤ ስለማይታይ። ሞቅ ባለ ቀን በአር-410ኤ ወይም በአር-32 ጋዝ የሚሠራ ማሽን ከፍተኛው ግፊት ወደ 30 ባር ሊደርስ ይችላል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ከ2 ባር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ለአሮጌው የአር-22 ጋዝ የተሠራ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እና ቀጭን ቱቦ እዚህ አይሠራም።

መዳቡ የሚቆረጠው በቱቦ መቁረጫ ነው፣ በመጋዝ አይደለም። ጠርዙ ሲጸዳ አፉ ወደ ታች ይዞር፤ ብናኙ ውስጥ ከገባ ኮምፕረሰር ይበላል። አፉን ከማስፋታችሁ በፊት ዳዶውን ማስገባት አትርሱ። የተሠራው ፍሌር (የሰፋው የቱቦ አፍ) ዙሪያውን እኩል፣ ለስላሳ፣ ጭረት የሌለበት ይሁን። ካላማራችሁ ቆርጣችሁ ድጋሚ ሥሩት፤ የመዳብ ዋጋ ከሚፈስ ጋዝ አይበልጥም። ስትገጥሙ መጀመሪያ በእጅ አዙሩት፣ ከዚያ በሁለት ቁልፍ፦ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጠብቃል። የኃይል መለኪያ ያለው ቁልፍ ይኑራችሁ። ለ1/4 ኢንች ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ከ34 እስከ 42፣ ለ1/2 ከ49 እስከ 61 ነው የተለመደው። ሲላላ ያፈስሳል፣ ሲበዛ ፍሌሩ ይሰነጠቃል። በክንድ ጉልበት የሚገምቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በማብዛት ነው።

ከዚያ በናይትሮጅን ይፈተናል። የናይትሮጅን ሲሊንደር ውስጥ እስከ 200 ባር ሊኖር ስለሚችል ያለ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) አይነካም። ግፊቱ ደረጃ በደረጃ ይውጣ፦ መጀመሪያ 5 ባር፣ ቆም ብሎ ማየት፣ ቀጥሎ 15፣ ከዚያ ማኑዋሉ እስከሚፈቅደው። ለብዙዎቹ የዛሬ ማሽኖች 40 ባር አካባቢ ነው። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

በኦክስጅን ፈጽሞ አትፈትኑ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ብየዳ ቤት ያለው ሲሊንደር ቅርብ ስለሆነ ብቻ "ለዛሬ ይሁን" የሚል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ባለቤቱም ቢሆን ይህን የማስቆም መብት አለው።

ቀጥሎ ቫኪዩም፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መሳብ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ከማሽኑ ጥቂት ጋዝ ለቅቆ አየሩን "ይነፋዋል"። እርጥበቱ ግን በዚህ አይወጣም። የቀረው ውሃ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ የቀረው አየር ግፊቱን ይጨምራል። የተለቀቀው አር-32 ደግሞ እሳት ሊይዝ ይችላል። አር-410ኤ ከሆነ አንድ ኪሎው ብቻ ምድርን በማሞቅ ከ2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ፓምፕ ይሠካ፤ ቢያንስ እስከ 500 ማይክሮን (የቫኪዩም ልክ) ይውረድ። የተለመደው ጌጅ ይህን ያህል ዝቅታ አያሳይም፤ የማይክሮን መለኪያ ያስፈልጋል። ከዚያ ፓምፑን ዝጉና መለኪያውን ተመልከቱ። ትንሽ ወጥቶ አንድ ቦታ ከቆመ ውስጥ እርጥበት አለ፣ ፓምፑ ይቀጥል። ሳያቋርጥ ከወጣ የሚያፈስ ቦታ አለ። እኔ በዚህ ሰዓት ሌላ ሥራ አልሠራም፤ መለኪያው ፊት እቀመጣለሁ። ማሽኑ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቫኪዩም ላይ ሳለ ማሽኑን በፍጹም አታብሩ። ቁጥሩ ከቆመ በኋላ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ ቫልቮቹን በአለን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። የሚያመልጥ ፈሳሽ ጋዝ ቆዳን ያቃጥላል፣ በሙቀት ሳይሆን በቅዝቃዜ። ክዳኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ፤ እነሱም የማሸጊያው አካል ናቸው። ቱቦው ማሽኑ ተሞልቶ ከመጣበት ርዝመት ከበለጠ ጋዝ ይጨመራል፤ በሚዛን ነው የሚጨመረው፣ በጌጅ ግምት አይደለም። አር-32 በሚሠራበት ቦታ ሲጋራም ሆነ ችቦ አይኑር፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ በርና መስኮት ይከፈት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አሮጌ ማሽን ነቅሎ አዲስ የሚተክል ሁሉ ያገኘዋል። አሮጌውን ስትነቅሉ ጋዙን ወደ ውጪው ማሽን ትሰበስባላችሁ። ማሽኑ እየሠራ በፈሳሹ በኩል ያለው ቫልቭ ይዘጋል፣ ጋዙ ሲሰበሰብ ሌላው ይዘጋል፣ ማሽኑም ወዲያው ይጠፋል። ቱቦ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ እየዞረ ቱቦ ከተፈታ ወይም የሚያፈስ ቦታ ካለ አየር ይስባል። አየርና ዘይት በዚያ ግፊት ሲታመቁ ይቀጣጠላሉ፤ ኮምፕረሰሩ ይፈነዳል። በዚህ የተጎዱ ባለሙያዎች አሉ። ጋዙ ቀድሞ አፍስሶ ያለቀ ማሽን ላይ ይህን መሰብሰብ አትሞክሩ።

ሲበራ

አሁን ሪሞቱ ይጫን። ግን እጅ ብቻ አይዘርጋ። በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ በሚለካው) አምፒሩን ለኩና ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። በውስጡ ማሽን በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ለኩ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ብራኬቱ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ንዝረቱ ወደ ግድግዳው ከተላለፈ ጎማዎቹን ተመልከቱ። የውሃ መውረጃው ላይ ውሃ አፍስሱና ያለ ችግር መውረዱን እዩ። የሊኬጅ ብሬከሩን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ፤ መውረድ አለበት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ብሎኖቹንና የሽቦ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ። ፍሌሮቹ ዙሪያ የዘይት እርጥበት ካያችሁ እዚያ ጋ ጋዝ እየወጣ ነው።

እኔ ከመሄዴ በፊት ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የቱቦውን ርዝመት፣ የጨመርኩትን ጋዝ በግራም፣ ቫኪዩሙ የቆመበትን ማይክሮንና አምፒሩን ጽፌ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ የማሽኑ ሽፋን ውስጥ እለጥፋለሁ። ባለቤቱም በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ቴክኒሻናችሁ ይህን ካላደረገ ጠይቁት። የቫኪዩሙን ቁጥር መናገር ካልቻለ ቫኪዩም አልሠራም ማለት ነው፤ ሳይሠራው ክፍያውን አትጨርሱለት።